ክረምቱን አገር ቤት ሴት ልጆችን ንባብ ለማስተማር፦ ሰው ቤት አርፎ የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከእስራኤል ወጣቶች በበጎ ፈቃድ ለማስተማር አገር ቤት ይገባሉ። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ሻንጣቸውን ደብተርና እስክሪብቶ ሞልቶታል። የመጀመሪያው ሰኞ ክፍሉ ጢም ይላል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ግማሹ ዴስክ ባዶ ይሆናል። የቀሩት ልጆች ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርዱታል፤ «ልብስ» የሚል ቃል ነጥላችሁ ስታሳዩአቸው ግን ዝም ይላሉ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሴት ልጅ ቤት ውስጥ የራሴ የምትለው ሰዓት የላትም። ሁለተኛ፣ ፊደሉን የያዘችው በጆሮዋ እንጂ በዓይኗ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ከዚያ ፊደሉ። ይህን ቅደም ተከተል አትቀይሩ።

መመሪያው የማስተማር ልምድ ሳይኖራቸው ለስድስት ሳምንት ያህል ለሚሄዱ ነው። አማርኛ እየተናገራችሁ ማንበብ የሚከብዳችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁ ተለማመዱ። ልጆቹ በአንድ ቀን ያውቁባችኋል።

ደረጃ 1፦ ከመነሳታችሁ ሦስት ወር በፊት

የትምህርት ቋንቋውን አረጋግጡ

የምትሄዱበት ትምህርት ቤት የታችኛውን ክፍል በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር ጠይቁ። ኦሮሚያ ውስጥ አብዛኞቹ ልጆች የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ነው። ሲዳማ ላይ ሲዳምኛ፣ ትግራይ ላይ ትግርኛ ነው። እዚያ ሄዶ የአማርኛ ንባብ ማስተማር ልጅቷን መስከረም ላይ ለሚጠብቃት መጽሐፍ አያዘጋጃትም። ቋንቋውን ካልቻላችሁ ሌላ ቦታ ምረጡ።

ተቀባይ ይኑራችሁ

ብቻችሁን ሄዳችሁ ልጆች አትሰብስቡ። አንድ ትምህርት ቤት ወይም የተመዘገበ ድርጅት ይቀበላችሁ። ድርጅት ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያገኘውን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ለማየት ጠይቁ። ለማሳየት የሚያመነታ ከሆነ ተዉት። ትምህርት ቤት ከሆነ ርዕሰ መምህሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ፤ የደብዳቤውን ቅጂም ያዙ። ዝናብ የያዘው ቀን ጥበቃው በር ላይ ሲያቆማችሁ የምታሳዩት ይህንኑ ወረቀት ነው።

ሰነድ

የውጭ ዜግነት ኖሯችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ካላችሁ ቪዛ አያስፈልጋችሁም። ከሌላችሁ ምን ዓይነት ቪዛ መያዝ እንዳለባችሁ ተቀባዩ በጽሑፍ ያሳውቃችሁ። የቱሪስት ቪዛ ለጉብኝት ነው። ከምትኖሩበት አገር ፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ አውጡ። ተቀባዩ ባይጠይቃችሁም ራሳችሁ ስጡት። ከልጆች ጋር ሊሠራ ከሚመጣ ሰው ይህን የማይጠይቅ ድርጅት ስለሌላውም ነገር በደንብ መመርመር አለበት።

ፀጥታውን በየሳምንቱ ተከታተሉ

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግጭት ያለባቸው አካባቢዎች አሉ። አያቶቻችሁ የተወለዱበት መንደር ቢሆንም እንኳ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነ አትሂዱ። የምትኖሩበትን አገር የጉዞ ማስጠንቀቂያ አንብቡ፤ እዚያው ላለ ሰውም ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ጠንቀቅ የሚለውን ስሙ። የአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮችም የንባብ አስተማሪ ይፈልጋሉ።

ቀኑንና ሰዓቱን በአገሩ አቆጣጠር ያዙ

ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ኦገስት 7 ላይ ይውላል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ መጨረሻ ስለሆነ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ያለው ጊዜ ለእናንተ ይመቻል። «3 ሰዓት ላይ ኑ» ስትባሉ በእናንተ ሰዓት ጠዋት 9 ነው። ውጭ ተወልዳችሁ ካደጋችሁ የእጅ ሰዓታችሁን በአገር ቤት አቆጣጠር ሙሉት።

ደረጃ 2፦ የምታርፉበትን ቤት መምረጥ

አክስታችሁ ጋ አትረፉ

ይህ ብዙ ሰው የማይሰማው ምክር ነው። ዘመድ ቤት ካረፋችሁ እንግዳ ናችሁ። ሰኞ ለቅሶ፣ ማክሰኞ ጥየቃ፣ ቅዳሜ ሠርግ ነው። አክስታችሁ አይፈረድባትም፤ ስንት ዓመት ጠብቃችሁ ነው። ግን ክፍሉ ይቀራል። ዘመድ ጋ የምትሄዱበትን ሳምንት ከማስተማሩ በፊት ወይም በኋላ ለይታችሁ አስቀምጡ። ማስተማሩ ላይ ሳላችሁ ትምህርት ቤቱ በመረጠው፣ ከክፍሉ በእግር በሚደረስበት ቤት እረፉ።

ቤቱን ስትስማሙ እነዚህን አረጋግጡ፦

1. ከውስጥ የሚቆለፍ የራሳችሁ መኝታ ክፍል።
2. ቤቱ ውስጥ እነማን እንደሚኖሩ። ሁሉም፣ ተከራዩም ጭምር።
3. ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣና ማን እንደሚቀዳ።
4. የማትበሉትን ምግብና ሕመም ካለባችሁ እሱን። መድኃኒት ለስድስት ሳምንት የሚበቃ ይዛችሁ ሂዱ።

የገንዘቡን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ

ብዙ እናቶች «ከእንግዳ ገንዘብ እንዴት ይወሰዳል!» ብለው ይቆጣሉ። ፊት ለፊት አትሟገቱ። በትምህርት ቤቱ በኩል በየሳምንቱ የሚሰጠው ይወሰን። ያም አልሆን ካለ አስቤዛ ግዙ፦ ጤፍ፣ ዘይት፣ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና። በየሳምንቱ በእኩል መጠን ይሁን። መጀመሪያ ቀን በገፍ አምጥቶ ከዚያ ዝም ማለት ቤቱን ያዛባል። ስልክና ውድ ልብስ አታምጡ፤ ጎረቤት ውስጥ ቅሬታ ይፈጥራል።

አጠራር

የቤቱን እናት «እትዬ» ወይም በዕድሜ ከገፉ «እማማ» በሏቸው፤ «እርስዎ» እያላችሁ አናግሩ። አባትየውን «ጋሼ» በሉ። አማርኛን ከእናታችሁ ብቻ የተማራችሁ ልጆች ሁሉንም «አንተ፣ አንቺ» ማለት ይቀናችኋል። ማንም በግልጽ አያርማችሁም፤ ግን ይከፋቸዋል። ተማሪዎቹ እናንተን «ቲቸር» ይሏችኋል። ይበቃል፤ በስማችሁ እንዲጠሯችሁ አታስገድዷቸው።

ደረጃ 3፦ የመጀመሪያው ሳምንት ቤት ውስጥ

በዚህ ሳምንት ክፍል አትክፈቱ። ይህን የሚዘል ሰው ነው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባዶ ዴስክ የሚያስተምረው።

የልጅቷን ቀን እዩ

ባረፋችሁበት ቤት ሴት ልጅ ልትኖር ትችላለች። የቤቱ ልጅ፣ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ወይም ሠራተኛ። ከነጋ ጀምሮ የምትሠራውን ከነሰዓቱ በማስታወሻችሁ ያዙ። 12 ሰዓት ላይ ተነስታ እሳት ታነዳለች። ቤት ትጠርጋለች። ውኃ የመጣ እንደሆነ ጀሪካን ይዛ ትሰለፋለች። ቁርስ ታቀርባለች፣ ታነሳለች፣ ታጥባለች። ሕፃኑን ታዝላለች። ሽንኩርት ትልጣለች። ከሰዓት በኋላ ቡና ይፈላል፤ ቄጠማ የምትጎዘጉዘው፣ ስኒ የምታጥበው እሷ ናት። ዝናብ ሲያባራ ሱቅ ትላካለች። ምሽት ላይ ደብተሯን ስታወጣ መብራት ይጠፋል፤ ባይጠፋም እንቅልፍ ይጥላታል።

ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ታያላችሁ። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ በእናንተ ምክንያት የመጡ ናቸው። ለእንግዳ ሲባል ወጥ ሁለት ዓይነት ይሠራል። የእናንተ አንሶላ ይታጠባል። ለእናንተ የሚሞቅ ውኃ አለ። እናንተ ሌሎች ልጆችን ለማስተማር ስትወጡ እሷ የበላችሁበትን ሳህን እያጠበች ትቀራለች።

ስለዚህ፦

1. ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ የራሳችሁን ልብስና ሳህን ራሳችሁ እጠቡ። «ኧረ ተይ፣ ነውር ነው!» ይባላል። ሳቅ ብላችሁ ቀጥሉ። በአራተኛው ቀን ዝም ይባላል።
2. ከልጅቷ ሥራ አንዱን ውሰዱ። ሽንኩርት መላጥ ወይም ጀሪካን ማምጣት ጥሩ መነሻ ነው። እንጀራ መጋገሩን አትሞክሩ፤ ጤፍ ታባክናላችሁ።
3. የቤቱን እናት «እትዬ፣ ልጅቷ ክፍሉ ውስጥ ብትገባ የትኛው ሰዓት ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ትምጣ ወይ?» አትበሉ። «ትምጣ ወይ» የሚል ጥያቄ «እምቢ» የሚል መልስ ያስከትላል።

ይህ ቤት ሰዓት ከሰጠ ጎረቤቱም ይሰጣል። እናቶቹ ይጠያየቃሉና።

ቢበላሽ፦ የቤቱ እናት «እሷ አይሆንላትም፣ ሥራ ይበዛባታል» ካሉ አትሟገቱ፤ በልጅቷ ፊት ደግሞ በፍጹም። ማታ ሥራ ካለቀ በኋላ 20 ደቂቃ ሳሎን ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ ከእሷ ጋር ካርድ አንብቡ። ብዙ ጊዜ እናትየው ከጎን ሆነው መስማት ይጀምራሉ። ማንበብ የማይችሉ እናት ከሆኑ አጠገቧ ቁጭ ብለው መከተላቸው አይቀርም።

ደረጃ 4፦ ሰዓቱን መቁረጥ

በሳምንቱ መጨረሻ ላይ የእናቶች ስብሰባ ይኑር። ትምህርት ቤቱ ይጥራ፤ ቡና ይፈላ። ስለ ትምህርት ጥቅም ንግግር አታድርጉ። እናቶቹ ጥቅሙን ያውቃሉ፤ የቸገራቸው ጉልበት ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ ከቤት ሥራ የምትተርፍበት ሰዓት የትኛው ነው? በሳምንት ስንት ቀን? ታናሿን ይዛ ብትመጣስ?

ሦስተኛው ጥያቄ ቁልፍ ነው። ብዙ ልጆች የሚቀሩት ሕፃን ስለሚይዙ ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ ምንጣፍ አንጥፉ፤ አንድ ትልቅ ልጅ ሕፃናቱን ተራ በተራ ትያዝ።

ሰዓት ስትመርጡ እነዚህን አስቡ፦

• በክረምት ዝናቡ በብዛት ከሰዓት በኋላ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ድምፅ አይሰማም፤ ጮክ ብሎ ማንበብ አይሞከርም። ጠዋት ከተቻለ ጠዋት ይሁን። ካልሆነ ለዝናብ ሰዓት የጽሕፈት ሥራ አዘጋጁ።
• ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ብዙ የኦርቶዶክስ ልጆች ያስቀድሳሉ፤ ቅዳሴው ወደ ቀትር ይገባል። ሰዓቱን ቀድማችሁ ቀይሩ። ፆመኛ ልጅ ፊት አትብሉ።
• የሙስሊም ልጆች በክረምት ቁርአን ቤት ይሄዳሉ። የእነሱን ሰዓት ከኡስታዙ ጋር ተነጋገሩ። አርብ ቀትር ላይ ክፍል አታድርጉ።
• ላስታ፣ ዋግ ወይም ራያ ቆቦ አካባቢ ከሆናችሁ ከነሐሴ 16 በኋላ ያሉት ቀናት የአሸንድዬ፣ የሻደይና የሶለል፣ የልጃገረዶች በዓላት፣ ናቸው። ልጃገረድ ክፍል አትመጣም፤ መምጣትም የለባትም። የመጨረሻውን ፈተና ከዚያ በፊት ጨርሱ።

በሳምንት አራት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከጠየቃችሁ ያገኛችሁትንም ታጣላችሁ።

ደረጃ 5፦ ዕቃና ክፍል

ፕሮጀክተርና ታብሌት ይቅርባችሁ። መብራት ይጠፋል፤ ስትሄዱም ዕቃው አብሯችሁ ይሄዳል። የሚያስፈልገው የካርቶን ካርድ፣ ወፍራም ማርከር፣ ጠመኔ፣ ትልቅ ወረቀትና የ1ኛና የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ነው። ካርቶን ከሱቅ በነፃ ይገኛል። ደብተርና እስክሪብቶ እዚያው ግዙ፤ ሻንጣ አትሙሉ።

ክፍሉን ከመጀመራችሁ በፊት ሽንት ቤቱን ሄዳችሁ እዩ። ለሴቶች የተለየ ነው? በሩ ይዘጋል? መቀርቀሪያ አለው? ውኃስ? የወር አበባ የጀመሩ ልጆች ይህ ካልተሟላ በወር የተወሰነ ቀን ይቀራሉ፤ ምክንያቱንም አይነግሯችሁም። መቀርቀሪያ ማስገጠም ከመጻሕፍት ቀድሞ የሚወጣ ወጪ ነው። ስለ ንጽሕና መጠበቂያው ከሴት መምህርት ጋር ተነጋገሩ፤ ዕቃው በእሷ እጅ ይሁን።

ደረጃ 6፦ መመዘን

በክፍል ደረጃ አትከፋፍሏቸው። 5ኛ ክፍል ሆና ቃል የማታነብ አለች፤ 2ኛ ክፍል ሆና አንቀጽ የምታነብም አለች። ሕንድ ውስጥ ፕራትሃም የተባለው ድርጅት የሚታወቅበት አሠራር ይኸው ነው፦ ልጁ ባለበት የንባብ ደረጃ መቧደን።

እያንዳንዷን ለብቻ፣ በር ተከፍቶ፣ ሌላ መምህር እያየ ፈትኑ፦

1. በቅደም ተከተል ያልተጻፉ 20 ፊደላት አሳዩ። ለምሳሌ፦ ራ፣ ብ፣ ሙ፣ ት፣ ሶ። በገበታው ቅደም ተከተል ከጻፋችሁ የምትፈትኑት ዜማውን ነው።
2. አሥር አጫጭር ቃላት።
3. አራት መስመር አንቀጽ፤ ከዚያ ስለ አንቀጹ ሁለት ጥያቄ።

ከዚያ በሦስት ቡድን መድቡ፦ ፊደል ላይ ያሉ፣ ቃል ላይ ያሉ፣ አንቀጽ ላይ ያሉ። ወረቀቱን አስቀምጡ፤ መጨረሻ ላይ ትፈልጉታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ ፊደል ላይ ብትሆን ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አታስቀምጧት። በሁለተኛው ቀን ትቀራለች። እንደ እሷ ያሉትን ሰብስባችሁ የተለየ ሰዓት ስጧቸው፤ ሦስት ብቻ ቢሆኑም።

ስትፈትኑ ዓይኗንም እዩ። ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ የምታስጠጋ ወይም ሰሌዳውን ዓይኗን ጨፈን አድርጋ የምታይ ልጅ የማየት ችግር ሊኖርባት ይችላል። ፊት አስቀምጧት፤ ለርዕሰ መምህሩም ንገሩ።

ደረጃ 7፦ ማስተማር

በ15 ፊደል ጀምሩ

ገበታው 33 ፊደላት በሰባት ዘር፣ በጠቅላላው 231 ነው። ሁሉንም ካልጨረስን ንባብ አይጀመርም የሚለው ልማድ ነው ልጆቹን ያስቀረው። አምስት ቤተሰብ ብቻ ውሰዱ፤ ከእያንዳንዱም ግዕዙን (1ኛውን)፣ ራብዑን (4ኛውን) እና ሳድሱን (6ኛውን)፦

ለ ላ ል፣ መ ማ ም፣ ሰ ሳ ስ፣ ረ ራ ር፣ በ ባ ብ።

እያንዳንዱን በካርቶን ካርድ ላይ ጻፉ። በእነዚህ ብቻ ይህን ሁሉ ማንበብ ይቻላል፦ በላ፣ ሰማ፣ ላም፣ ማር፣ ሳር፣ በር፣ ስም፣ ብር፣ ልብ፣ ምሳ፣ ራስ፣ ሰላም፣ ምላስ፣ መሰላል፣ ሰበረ፣ ልብስ፣ ለበሰ። ዓረፍተ ነገርም አለ፦ «ምሳ በላ።» «ልብስ ለበሰ።» በመጀመሪያው የክፍል ሳምንት መጨረሻ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያነበበች ልጅ ቤቷ ሄዳ ታወራለች። በሚቀጥለው ሳምንት «ች»ን ብቻ ጨምሩ፤ «ምሳ በላች»፣ «ልብስ ለበሰች» ይሆናል። ያነበበችው ስለ እሷ ይሆናል ማለት ነው።

ማገጣጠሙን በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ

ልጆች የሚሰናከሉት ሳድስ ላይ ነው። በዜማ ሲማሩ «ብ»ን ጎተት አድርገው ይሉታል። ቃል ውስጥ ሲገባ ግን ድምፁ አንዳንዴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ልብስ» ውስጥ «ል» ትንሽ ይሳባል፤ «ብ» እና «ስ» ወዲያው ይዘጋሉ። ልጅቷ ሦስቱንም እየጎተተች ካነበበች ቃሉን ራሷ አታውቀውም። ስለዚህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፦

1. ሳድስ የሌለበት፦ በላ፣ ሰማ።
2. መጨረሻው ሳድስ፦ ላም፣ ማር፣ ሳር፣ በር።
3. ሁለቱም ሳድስ፦ ስም፣ ብር፣ ልብ።
4. ሦስት ፊደል፦ ሰላም፣ ምላስ፣ ልብስ።

«ላ» እና «ም»ን ጠረጴዛው ላይ አንድ ክንድ አራርቃችሁ አስቀምጡ። «ላ» ስትል ድምፁን እንድትጎትት አድርጉ፤ እየጎተተች «ም»ን በጣቷ ወደ «ላ» ትግፋው። ካርዶቹ ሲነካኩ አፏ ይዘጋል፦ «ላም»። ካርዱን ራሷ ትግፋው እንጂ እናንተ አትግፉላት። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የምታልፉት አምስት ቃል ሳትጎትት ስታነብ ነው።

ቀጣዮቹ ቤተሰቦች

በሁለተኛውና በሦስተኛው የክፍል ሳምንት አ፣ ነ፣ ተ፣ ደ፣ ከ ይግቡ። እናት፣ አባት፣ ድመት፣ እርሳስ፣ ደብተር፣ ከተማ፣ ክረምት፣ መስከረም ይነበባሉ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዘሮች እለፉ። ካዕብ ቅጥያው ወገቡ ላይ፣ ሣልስ እግሩ ላይ፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት እንዳለው በሉ፣ ሊ፣ ሌ እና ቡ፣ ቢ፣ ቤ አሳዩ። ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊ ከዚህ ይወጣሉ፤ ለብቻ ይያዙ። ሳብዕ (7ኛው) በየቤተሰቡ ስለሚለያይ መጨረሻ ይምጣ።

ባርኔጣ ወይም ሌላ ምልክት የጨመሩትን ከእናታቸው ጋር በአንድ ቀን አታስተምሩ፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። አንደኛው በደንብ ሳይያዝ ሁለተኛው ከመጣ ሁለቱም ይምታታሉ። ከላይ ያለችው «ች» አንድ ፊደል ብቻ ስለሆነች አታስቸግርም፤ «ት»ን ግን ከእሷ ቢያንስ አራት ቀን አርቁ።

ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በድምፅ አንድ ናቸው። ልጅቷ «ሥራ»ን «ስራ» ብላ ብትጽፍ አሁን አታርሟት። የመጽሐፉን አጻጻፍ አሳዩና እለፉ።

የአንድ ሰዓት ተኩሉ አከፋፈል

የትናንት ካርዶች 10 ደቂቃ፣ አዲስ ፊደልና ማገጣጠም 25፣ ቃላትን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ማንበብ 20፣ ጽሕፈት 15፣ ተረት 15። የቀረው ለመግቢያና ለመውጫ ነው። ተረቱን እናንተ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ አታሳጥሩት። ዝናብ ለብሰው የሚመጡት ብዙ ጊዜ ለእሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲሳሳት

በዜማ ካልሆነ አይሆንላትም። «ሙ»ን ስታሳዩአት «መ፣ ሙ» እያለች ቆጥራ ትደርሳለች። አትከልክሏት። ካርዶቹን ግን በውዙና በዘፈቀደ አንስታችሁ አሳዩ፤ በየቀኑ ሦስት ደቂቃ። መቁጠሩ በራሱ ይቀራል።

ትገምታለች። «ላም» የሚለውን «ላብ» ካለች የመጨረሻውን ፊደል በጣታችሁ ብቻ አመልክቱ። ቃሉን አትንገሯት። አምስት ሰከንድ ታገሡ።

አንብባ ትርጉሙ ይጠፋባታል። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው። ፊደሉን በትክክል ብላ መጥበቁን ከሳተች የፊደል ስሕተት አድርጋችሁ አትቁጠሩባት። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ እንደገና ታንብበው።

አትናገርም። ዝም የምትል ልጅ አታውቅም ማለት አይደለም። ሰሌዳ ላይ አታስወጧት። ከጓደኛዋ ጋር ጀርባ ሰጥታ እንድታነብ አድርጉ፤ እናንተ ከሩቅ ስሙ።

ቀረች። ሦስት ቀን ከቀረች ከአካባቢው ሴት መምህርት ጋር ቤቷ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። «ለምን ቀረች?» አትበሉ፤ «ደህና ናችሁ ወይ?» በሉ። ምክንያቱ ሲነገር ሰዓት መቀየር ይቻል እንደሆነ ተነጋገሩ።

የከበደ ነገር ነገረችሽ ወይም ነገረችህ። ሊድሯት እንደሆነ ወይም ቤት ውስጥ ጉዳት እንደደረሰባት ብትነግራችሁ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። አዳምጡ፣ ያለችውን በራሷ ቃላት ጻፉ፣ በዚያው ቀን ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለሴት መምህርት አሳውቁ። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አድርጎታል፤ በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተል ጽሕፈት ቤት አለ። ራሳችሁ ሄዳችሁ ወላጆቿን አትጋፈጡ። እናንተ በነሐሴ ትሄዳላችሁ፤ ከቤተሰቡ ጋር የምትቀረው እሷ ናት።

የማይታለፉ ክልከላዎች

• ከአንዲት ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻችሁን አትሁኑ። ወንድም ሴትም በጎ ፈቃደኛ ይህ ይመለከተዋል።
• የልጆቹን ፎቶ ቲክቶክም ሆነ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ወላጅ ቢፈቅድም።
• ለተማሪ ገንዘብ አትስጡ። የጎደለ ነገር ካያችሁ በትምህርት ቤቱ በኩል ለሁሉም ይሰጥ።
• አሜሪካ ወይም ሌላ አገር እንደምትወስዱ፣ እንደምታስተምሩ በቀልድም አትናገሩ። ልጅ ያምናል።

ደረጃ 9፦ ርክክብ

ርክክብ የሚጀምረው በመጨረሻው ሳምንት አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሰፈሩን ልጅ፣ 8ኛ ወይም 9ኛ ክፍል ያለች፣ በረዳትነት ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት ካርዱን እሷ ትያዝ። በአራተኛው ክፍሉን እሷ ትምራ፤ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። በስድስተኛው እናንተ ባትመጡም ክፍሉ መካሄድ አለበት። አንድ ቀን ሆን ብላችሁ ቅሩና ሞክሩት። አበሏን ትምህርት ቤቱ በግልጽ ይክፈላት፤ ወጪውን እናንተ ሸፍኑ።

ከመሄዳችሁ አራት ቀን በፊት በመጀመሪያው ወረቀት እንደገና ፈትኑ። ለእያንዳንዷ ልጅ አንድ መስመር ጻፉ፦ የት ጀመረች፣ የት ደረሰች፣ የትኛው ፊደል ይቀራታል። አንዱን ቅጂ ለርዕሰ መምህሩ፣ አንዱን መስከረም ላይ ለሚቀበሏት መምህር፣ አንዱን ለረዳቷ ስጡ። ካርዶቹን በፌስታል ጠቅልላችሁ በትምህርት ቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ፤ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነም ዝርዝሩ ላይ ጻፉ።

ስልክ ቁጥራችሁን ለልጆቹ አትስጡ፤ ከረዳቷ ጋር በትምህርት ቤቱ በኩል ተደዋወሉ። «በሚቀጥለው ክረምት እመጣለሁ» የምትሉት ትኬቱን ከቆረጣችሁ ብቻ ነው። ያረፋችሁበትን ቤት የመጨረሻ ሳምንት ሒሳብ ከመውጣታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጨርሱ። ቤቱ ውስጥ ያለችው ልጅ የክፍል ሰዓቷ ከእናንተ በኋላም እንዲቀጥል ከቤቱ እናት ጋር ያን ቀን ተነጋገሩ፤ ረዳቷም እዚያው ትገኝ።